ኤሲው የጠፋበት ዓርብ

ባለፈው ወር ታላቅ ወንድሜ ጋሽ አበራ ደብረ ብርሃን ላይ አረፈ። መርዶው እዚህ ኦማን፣ ማስካት ከተማ ማቢላ ሰፈር የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ስለነበር፣ በሰልስቱ ቀን፣ ዘመድ ሁሉ ድንኳን ውስጥ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ በስልክ ደወልኩና አለቀስኩ። ለወጉ አይደለም፤ አባት ሆኖ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ። ፊት ለፊቴ የሚኖረው ፓኪስታናዊ ጎረቤቴ ምን ደረሰበት ብሎ በሬን አንኳኳ። ሳበቃ ግን ከወዲያ በኩል ግራ የገባው ሰው ጉርምርምታ እንጂ የሚያጽናናኝ ቃል አልመጣም። መስመሩ አስቸግሮ ይሆናል ብዬ ዘጋሁት።

እህቴ ወርቅነሽ ሳምንት ያህል ቆይታ ደወለች። ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ስለ አርባው ዝግጅት አወራን፣ ስለ ልጆቹ አወራን፣ ሌላ የምንለው ሲያልቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጌትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ።»

«ጠይቂኝ እንጂ።»

«በሰልስቱ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔ? መቼ ዝም አልኩ?»

«'ወንድሜን' ስትል ሰማንህ። ከዚያ ወዲያ ጸጥ። ስልኩን ከማጉያው ጋር አገናኝተን፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ቢጠብቅ፣ ጸጥ። ዓረብ አገር ኖሮ ልቡ ደነደነ አሉ። እኔ ተቆጣኋቸው፤ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ከፋኝ።»

ምን እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼ ነበር፣ እዚሁ ማስካት ዳርሰይት የሚባል ሰፈር፣ ገና ሠላሳ ሳይሞላኝ። ለእታለም በስልክ ላስረዳት ሞከርኩና ተደነቃቀፍኩ። ነገሩ ከመነሻው ካልተነገረ ሰበብ ይመስላል፤ ስለዚህ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ አንድ ሆቴል ውስጥ የድምፅ ሠራተኛ ነበርኩ። ለስብሰባ ማይክሮፎን እዘረጋለሁ፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ እተክላለሁ፣ ሙሽራው ንግግር ሊያደርግ ሲነሣ ማጉያው እንዳያፏጭ እጸልያለሁ። የምኖረው ዳርሰይት ነው፤ መስኮቴ ሳር ያልበቀለበት ቡናማ ተራራ ላይ ተደቅኖ ነበር። ዕረፍት ስሆን በእግሬ ወደ ማትራህ እወርዳለሁ። ወደቡ አካባቢ የደረቀ ዓሣና የባሕር ሽታ አለ፤ አንዲት ብርጭቆ ከረክ፣ በወተት የፈላ ቅመም ሻይ፣ ይዤ እንቁላል የተጠቀለለበትን ቂጣ እየገመጥኩ መርከቦቹን ሳይ እውላለሁ። በሰኔና በሐምሌ ግን እንዲህ ያለ ቅንጦት የለም። ከቤት የወጣ ሰው መነጽሩ በላብ ይጨልምበታል፣ ሸሚዙ ከጀርባው ይጣበቃል፤ ከአንዱ አየር ማቀዝቀዣ፣ ከኤሲ ወደ ኤሲ መሮጥ ነው ኑሮው።

ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ያስተማረኝ ቢኖይ የሚባል ከኬራላ የመጣ ባልደረባዬ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ አጽድቶ፣ ሊኑክስ ጭኖ ሰጠኝ፤ ከዚያ በኋላ የዕረፍት ጊዜዬን በሙሉ እሱ በላው። በዚያ ዘመን ሊኑክስ ላይ ድምፅን የሚያስተዳድሩ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ነበሩ። ፐልስ ኦዲዮ የሚባለው የዕለት ተዕለቱን ይይዛል፤ ዘፈኑን፣ ፊልሙን፣ የስልክ ጥሪውን። ጃክ የሚባለው ደግሞ የባለሙያ ነው፤ ማይክሮፎኑንና ድምፅ መቀላቀያውን ሚክሰር ሳያዘገይ ያገናኛል። ሁለቱ በአንድ ግቢ ተከራይተው ሰላምታ የማይለዋወጡ ጎረቤቶች ነበሩ። አንዱ የያዘውን የድምፅ ካርድ ሌላው አይነካም፣ አንዱ የሰማውን ለሌላው አይነግርም። በመካከላቸው ድልድይ መሥራት ግን ይቻል ነበር። እስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ነገር አፍና ጆሮ አለው፤ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ መስመር ትስባለህ፣ ድምፅም በዚያ ይሄዳል። እኔ ያን ጊዜ ከሰው ይልቅ ሽቦ የምወድ ልጅ ነበርኩና፣ ይህን መስመር እየሳብኩ መዋል ከሠርግ ቤት ይበልጥብኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ዘውዴ ወደ መሣሪያ ክፍሌ መጡ። እትዬ ዘውዴ የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ይህ የደመወዛቸው ሥራ ነው። ዋናው ሥራቸው ግን ዳርሰይት ያለነውን ሐበሾች መሰብሰብ ነው። የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። በሩን ከኋላቸው ገፋ አድርገው ዘጉና ጠረጴዛዬ ላይ የተዝረከረከውን ተመለከቱ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሽቦህ ለቁም ነገር ይውላል?»

«ምን ተገኘ እትዬ?»

«የየሺ እናት አረፈች። ልጅቷ ገና አልሰማችም። ወንድሟ በላይ ነው ለእኔ የደወለልኝ።»

የሺን አውቃት ነበር። ዳርሰይት ውስጥ አንድ የኦማን ቤተሰብ ቤት የምትሠራ፣ ቢቸና አጠገብ ካለ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ ብዙም አትናገርም፤ ማማ የምትላት አሠሪዋ የሰጠቻትን ተምር በላስቲክ ቋጥራ ታመጣና «ብሉ» ብላ መሃል ላይ ታስቀምጣለች፣ በቃ። እንዲህ ያለች ዝምተኛ ልጅ ከምን ዓይነት ቤት እንደ ወጣች ያወቅሁት በዚያ ጠዋት ነው።

«እናቷ አልቃሽ ነበረች» አሉኝ እትዬ ዘውዴ። «በዚያ አገር ሰው ሞተ ሲባል እሷ ካልመጣች ለቅሶ አይደምቅም። የስንቱን ሰው ሙሾ አውርዳ ሸኘች። ሙያውን ያወረሰችው ለየሺ ነው። 'እኔ ስሞት የምታወርጂልኝ አንቺ ነሽ፤ በሌላ አፍ እንዳልሸኝ' ብላታለች። የሺ ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ትናንት ተቀበረች፤ ማንም ሙሾ አላወረደላት። ሽማግሌው ባሏ 'ልጄን ጥሩልኝ' እያለ ነው። ሰልስቱ ነገ ነው፤ ክንፍ ቢኖራት አትደርስም።»

ሽቦዎቼን በጣታቸው ነካ አድርገው «ድምፅ ግን ይደርሳል፣ አይደል?» አሉኝ።

«ይደርሳል» አልኩ። እንዴት እንደሚደርስ ከማሰቤ በፊት ነው ቃሉ ከአፌ የወጣው።

ስልክ በጆሮዋ ይዛ ታልቅስ ማለት ይቻል ነበር። ግን ለቅሶ የብቻ አይደለም። አልቃሿ ታወርዳለች፣ ሕዝቡ ይቀበላታል፤ ተቀባይ የሌለው ሙሾ ግማሽ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰዎች እዚያ ያለውን እንዲሰሙ፣ እዚያ ያሉት ደግሞ እሷንም እኛንም እንዲሰሙ ያስፈልግ ነበር። ዳርሰይት ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ከፎቁ ላይ ልደትና ሠርግ የሚደገስበት አዳራሽ አለው፤ ባለቤቱ ቁልፉን ሰጠን። በላይ በበኩሉ ከቢቸና ከተማ የሠርግ ድምፅ ማጉያ ተውሶ ወደ ገጠሩ ሊወስድ ቃል ገባ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ተንበርክኬ ሠራሁ። ስልኩን በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል ከላፕቶፑ ካርድ ጋር አገናኘሁት፤ ያ የፐልስ ኦዲዮ ግዛት ነው። የአዳራሹን ሚክሰር በሌላ ገመድ አስገባሁት፤ ያ የጃክ ነው። በሁለቱ መካከል ድልድዩን ሠራሁ፤ አንድ መስመር ለመሄጃ፣ አንድ መስመር ለመምጫ። ከዚያ ለበላይ ደወልኩ።

«ሃሎ በላይ፣ ይሰማሃል?»

«ይሰማል፤ ግን ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያላችሁት?»

ወፍጮው ኤሲው ነበር። ያረጀ የግድግዳ ኤሲ ነው፤ ሳያቋርጥ ያጓራል። በዚህ ላይ የእኔው ድምፅ እነሱ ማጉያ ደርሶ፣ ተመልሶ በበላይ ስልክ ገብቶ፣ ከአፍታ በኋላ ለራሴ ይነበብልኛል። ሁለቱንም የሚያስወግድ ማጣሪያ ነበረኝ። ጫጫታውን ለይቶ ያወጣል፣ ተመላሹን ድምፅ ይሰርዛል፣ የሰውን ንግግር ብቻ ያሳልፋል። በመሄጃውም በመምጫውም ላይ ተከልኩት። ወፍጮው ጠፋ። ድምፃችን እንደ ብርጭቆ ጠራ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩ። በላይ መልሶ ቆጠረልኝ። እትዬ ዘውዴም መጥተው በማይክሮፎኑ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቁት፣ ስለ አባቱ ጠየቁት፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉት፤ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ደረሰ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ኩራቴ ለራት በቃኝ።

በሙሾ መሞከር ለማናችንም አልታሰበንም። ቢታሰበንም አናደርገውም። በሙከራ ማልቀስ ሞት መጥራት ነው፤ እኛ አገር ያለ ቦታው የለቅሶ ዜማ ያንጎራጎረ ልጅ በጥፊ ነው ዝም የሚባለው። ደግሞም አልቃሿ ራሷ ገና ማማዋ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር።

ዓርብ ገና ሲነጋ መርዶ ተነገራት። እትዬ ዘውዴ የየሺን ማማ አስቀድመው አነጋግረዋት ስለነበር ሴትዮዋ ራሷ በመኪና አምጥታ በራቸው ላይ አወረደቻት። «ያላ፣ ሂጂ» አለቻት እንጂ ለምን እንደ ሆነ አልነገረቻትም፤ ፊቷን ግን ወደ መሪው አዙራ ነበር። እኛ ወንዶቹ ደረጃው ላይ ቆመን እንጠብቃለን። የሺ በዚያ ማለዳ ያን ሁሉ የአገሯን ሰው ባየች ጊዜ ደረጃው መሃል ቆመች። ማንም ምንም ሳይላት «ማንን ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ የተሰማውን ጩኸት መጻፍ አልችልም፤ ተራራው መልሶ የሰጠን ይመስለኛል።

ረፋዱ ላይ ወደ አዳራሹ ወጣን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ከማትራህ ሱቅ የተገዛ ሽንብራና ስንዴ ተቀቅሎ ንፍሮው በሰፊ ትሪ ጥግ ላይ ቀርቧል። የሆቴል አስተናጋጆች ከነዩኒፎርማቸው የመጡ አሉ፤ ፀጉር ቤት የሚሠሩ፣ ቤት የሚያጸዱ አሉ። የሺን መሃል አስቀመጧት፤ ማይክሮፎኑን ከፊቷ ዝቅ አድርጌ ተከልኩላት። ዓይኗ ደርቋል፤ ጮሃ ጨርሳ ነበርና ባዶዋን የቀረች ትመስላለች።

መስመሩ ተከፈተ። የበላይ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። «የሺዬ፣ ሁላችን እዚህ ነን። አባዬም አጠገቤ ነው። በይ እናታችንን፣ እሜቴን ሸኚልን።»

«በላይዬ» አለች የሺ። «አባዬ።»

«እህ፣ ልጄ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተመለሰ። ተሰምታለች።

ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች፣ ተነሣች፣ ጀመረች። ያቺ ዓርብ ዓርብ ተምር አስቀምጣ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። ድምፁ ከሆድ ተነሥቶ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ መጨረሻው ላይ ይሰበራል፤ ከመሰበሩ ሴቶቹ ይቀበሉታል። የመጀመሪያውን አወረደች፤

ስሄድ ከበራፉ ቆማ የሸኘችኝ፣
ስመለስ ማን ወጥቶ መጣሽ ወይ ይበለኝ።

አዳራሹ ተነቃነቀ። ከወዲያ ግን ምንም አልመጣም። ሁለተኛ አወረደች፤ ምንም። ከዚያ የበላይ ድምፅ ከሕዝቡ መሃል ቀጥኖ በማጉያው መጣ፤

«የሺ? አለሽ? ለምን ዝም አልሽ?»

«እያለቀሰች ነው!» አሉ እትዬ ዘውዴ ማይክሮፎኑን ይዘው።

«እናንተን እንሰማለን። እሷን አንሰማም። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ከኋላው ሽማግሌው ሲጠይቅ ሰማን። «ልጄ የለችም እንዴ? ዝም ብላ ተቀምጣ ነው? አታለቅስላትም?» ለማን እንደ ጠየቀ አላውቅም፤ እኛ ግን በአራት ማጉያ ሰማነው።

የሺ ማይክሮፎኑን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። የዚያን ቀን አስተያየቷን አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ልመና ነው የነበረበት። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው አልቅሳ የጠየቀቻት አንድ ነገር ነው፤ እሱም በእኔ ሽቦ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ሰጥሞ ቀርቷል። ድልድዩ ፈርሶ እንደ ሆነ አየሁ፤ አልፈረሰም። መስመሮቹ በቦታቸው ናቸው። «እንደገና፣ የሺ፣ እባክሽ» አልኳት። ድምጿን አነሣች። ወደ ማጣሪያው የሚገባው የድምፅ መለኪያ እስከ ጫፍ ወጣ፤ ከማጣሪያው የሚወጣው ደግሞ አልተነቃነቀም።

ያኔ ገባኝ። ማጣሪያው ንግግር ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው በአንድ መንገድ ነው፤ ይመጣል፣ ያቆማል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ እንደገና ይመጣል። ሳይቋረጥ የሚረዝም ድምፅ ለእሱ ማሽን ነው። ለእሱ የየሺ እንጉርጉሮና የኤሲው ማጓራት አንድ ናቸው። አንድ ሁለት ሦስት እያልን ስንሞክረው ታማኝ አገልጋይ የነበረው፣ እውነተኛው ነገር ሲመጣ በሩን ዘጋበት። ይህን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ሰው ሙሾ በስልክ ይልካል ብለው አላሰቡም፣ ይኸው ነው።

«ማጣሪያውን ማንሣት አለብኝ» አልኳቸው እትዬ ዘውዴን። «ግን ካነሣሁት ኤሲው ይውጣታል። እሷን ሳይሆን ወፍጮውን ነው የሚሰሙት። ደግሞ የራሷ ድምፅ ዘግይቶ እየተመለሰ ያደናግራታል።»

«ኤሲው ነው ችግሩ?»

«ኤሲው ነው።»

«ኻላስ፣ በቃ! አጥፉት።»

አንዲት አስተናጋጅ «እትዬ፣ በዚህ ሙቀት? ሰው ይወድቃል» አለች።

«የወደቀ ይነሣል» አሉ እትዬ ዘውዴ። «መስኮቱንም ዝጉት፤ የመንገዱ መኪና እንዳይገባ። ልጆች ያላችሁ ወደ ታች ውረዱ።»

ማንም አልወረደም። ኤሲው ተንገጫግጮ ጠፋ። እኔም ሁለቱንም ማጣሪያ አነሣሁ።

መጀመሪያ የመጣልን ዝናብ ነው። የሐምሌ ዝናብ፣ የለቅሶው ድንኳን ሸራ ላይ የሚወርድ። ለካ እስካሁን እየዘነበ ኖሯል፤ ማጣሪያው እሱንም ጫጫታ ብሎ አስቀርቶብን ነበር። ዓመታት ክረምት ያላዩ ሴቶች እዚያ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ፣ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ የአገራቸውን ዝናብ ሰሙ። አንዷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ተደፋች። ለሟቿ ያላለቀሱት ሁሉ ያኔ አለቀሱ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ አላፍርበትም።

የሺ እንደገና ጀመረች። ረጅሙ ድምፅ ሄደ። ከአፍታ በኋላ ያው ድምፅ፣ በሠርግ ማጉያ ጎርነን ብሎ፣ በዝናቡ መሃል ተመልሶ መጣ። እኔ የፈራሁት ይህ ነበር። ደነገጠችና አቆመች። ጆሮዋን አቀና አድርጋ የራሷን ለቅሶ ከእናቷ ደጅ ሲመጣ አዳመጠች። ድምፁን ሁሉ ልዘጋ እጄን ሰድጄ ነበር፤ በእጇ አገደችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ተመላሹን እየጠበቀች፣ ለእሱ ቦታ እየተወች፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልሰማውን አወረደች፤

እኔ መምጣት ባልችል ድምፄን ልኬዋለሁ፣
ከደጅሽ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ እሰማለሁ።

ድንኳኑ ፈነዳ። በላይ ሲጮህ ሰማሁት፣ ሴቶቹ ደረት ሲመቱ ሰማሁ። እነሱ ተቀበሉ፣ እኛ ተቀበልን፣ ቀጥሎ የሚያወርድ ሰው የሚጠብቀውን ያህል ጠብቃ ሌላ አወረደች። የዘገየው ድምፅ ጥፋት መሆኑ ቀረ። ቢኖይ ያስተማረኝ ሁሉ ያን መዘግየት መሰረዝ ነበር፤ የሺ ግን ተቀባይ አደረገችው። እናቷ ስላለቀሰችላቸው ሙታን ዘርዝራ አወረደች፣ ስለ እጇ፣ ስለ ድምጿ፣ ልጇን ሳታይ ስለ መሞቷ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። ሸሚዜ ሆዴ ላይ ተጣብቋል፣ ላፕቶፑ ራሱ ሞቆ እንዳይጠፋ በነጠላ ጫፍ አራግብለታለሁ። አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ውሃ አፈሰሱባት፤ ነቅታ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሲያበቃ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። ዝናቡ ቀሰስ ብሎ ነበር።

«የሺ።»

«አቤት አባዬ።»

«ትናንት በስቲያ አፈር አለበስናት እንጂ አልሸኘናትም ነበር። ዛሬ ሸኘናት። እንግዲህ እህል እቀምሳለሁ።»

መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ኤሲውን ለማብራት ማንም አልተነሣም። ንፍሮውን በእፍኝ በእፍኝ እየዘገንን በዚያ ሙቀት ውስጥ ተቀመጥን። የሺ ወደ እኔ መጥታ ከአጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ከቦርሳዋ ያችን የላስቲክ ቋጠሮ አወጣች፣ ማለዳ ምንም ሳታውቅ ለእኛ የያዘችውን ተምር። መሃላችን ላይ አስቀመጠችው። «ብላ» አለችኝ ብቻ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገሯ ገባች። ዛሬ በቢቸና ዙሪያ ሰው ሲሞት የምትጠራው እሷ እንደ ሆነች ሰዎች ነግረውኛል።

እኔ ግን ማስካት ቀረሁ፤ ጸጉሬ ሸበተ። እነዚያን ሁለት የማይነጋገሩ ጎረቤቶች ፓይፕዋየር የሚባል አዲስ ሥርዓት መጥቶ አስታርቋቸዋል፤ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ መስመር መሳብ አያውቁም፣ አያስፈልጋቸውምም። ማጣሪያው ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየስልኩ ገብቷል፤ ማንም ሳያዝዘው በራሱ ይሠራል። በየሥራው ላይ መጀመሪያ የማጠፋው እሱን ነው፣ በዚህም ይስቁብኛል። ታዲያ የወንድሜ ቀን ሲመጣ የራሴን ስልክ ማየት እንዴት ረሳሁ? ሐዘን የገባበት ሰው ሙያውን ደጅ ጥሎ ነው የሚገባ። ለመቶ ሠርግ ማይክሮፎን የሞከርኩ ሰው ለወንድሜ ሞት ያነሣሁት የኪስ ስልኬን ነው፤ እሱም የሰው ለቅሶ መሆኑን አላወቀልኝም።

ባለፈው ዓርብ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ ማጣሪያዎቹን በሙሉ አንድ በአንድ አጠፋሁ፣ ጥሩውን ማይክሮፎን አገናኘሁ። ማቢላ ያን ቀን ግድግዳው ሳይቀር ይተኩሳል። ተነሥቼ ኤሲውን አጠፋሁና ለእታለም ደወልኩ። ጋሽ አበራ ቤት ብቻዋን ነበረች፤ ልብሱን እየለየች።

«እታለም፣ ስልኩን እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አድርጊልኝ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ክፈቺው።»

«ምን ልትሆን ነው?»

«ያን ቀን ያልሰማችሁትን ላሰማሽ።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሸሚዜን አወለቅሁና ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩ፤ ወንድሜን ጠራሁት፣ አለቀስኩት። ሙሾ አላውቅም፤ እንደ የሺ የሚያምር ነገር ከአፌ አልወጣም። ረጅም ነበር፣ አስቀያሚ ነበር፣ ከአፍታ በኋላ ከእሱ ሳሎን ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት፤ በገዛ ቤቱ ተለቀሰለት።

ሳበቃ ላቤንና እንባዬን በፎጣ ጠረግሁ። «እታለም፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች፤ እሷም ታለቅሳለች። «ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው። የወንድ ለቅሶ ሰምተው ጎረቤቶች እየመጡ ነው።»

«ክፈቺላቸው» አልኳት።

በሩ ሲከፈት፣ የብዙ ሰው እግር ሲገባ፣ አንዲት አሮጊት «ማነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» ስትል ሰማሁ። «ጌትነት ነው» አለች እህቴ። አሮጊቷ ወደ ወንበሩ ቀረበች። «ሰማንህ ልጄ» አለችኝ፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ። ሰማንህ።»